ብረቱ ከበሩ አላለፈም

ከሆሳዕና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሻ ወረዳዋ ከተማ ወደ ሞርሲቶ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ነገር ደጋግሞ ያያል። አንዱ እንሰት ነው። ሌላው የብረት በር ነው።

እንሰቱ የቆየ ነው። የብረት በሩ ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በዙሪያቸው ባሉ ትንንሽ ከተሞች ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ከተተከሉት በሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ ነው። ልጅ ሄደ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ገንዘብ ላከ፣ ቤት ተሠራ። ቤቱ ሳያልቅ በሩ ይቆማል። ቱቦላሬው ተቆርጦ፣ ላሜራው ተለጥፎ፣ ከላይ የጦር ጫፍ ከመሃል አበባ ተበይዶበት፣ ቀለም ተቀብቶ ይቆማል። በሩ ሰላምታ ነው፤ "ከዚህ ቤት ሰው ወጥቷል፣ ደርሷልም" ይላል።

ያልደረሱትን የሚናገር በር የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። የዚያን ሰሞን ዜና በሀዲያና በከምባታ ስንት ቤት ውስጥ ስልክ እንዳስደወለ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ስደት አይደለም። ስለ ብረት ነው። በትክክል ለመናገር፣ ብረቱ የት ድረስ እንደገባና የት ላይ እንደቆመ ነው። የበሩን ጌጥ አልፎ፣ ሳሎኑን አልፎ፣ ወደ ጓሮ የዘለቀ ሰው አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ያገኛል። ከፊቷ ጣውላ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን ቁራጭ ጣውላው ላይ በእግሯ ጣቶች ጫን አድርጋ ይዛ በቀርከሃ ትፍቀዋለች። አያቷም እንዲሁ ትፍቅ ነበር። በእንሰት ላይ ኑሮው የተመሠረተ ኢትዮጵያዊ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ይነገራል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያበላው ሥራ ያለው በዚያች ሴት ትከሻና ወገብ ላይ ነው።

ብረት መንደሩ ገብቷል። ኤሌክትሪክ ገብቷል፣ የብየዳ ማሽን ገብቷል፣ በያጅም አለ። ወደ ጓሮ ግን አልዘለቀም። ለምን?

የአንድ ሰው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መንገድ ይከፍታል። ሰውየው ሞርሲቶ ውስጥ መምህር ነው። ስሙ እዚህ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለምና።

መምህሩ ብየዳ ልማር ብሎ የተነሳው ሌላ ሙያ አምሮት አልነበረም። ጓሮው ውስጥ ጎመንና ካሮት ዘርቷል፤ ፍየል እየገባ ይጨርስበታል። "የሌማት ትሩፋት" በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ በየጓሮው ዶሮ ማርባት የወረዳ ስብሰባ ሁሉ መነጋገሪያ ሆኗል፤ እሱም ለጥቂት ዶሮዎች የሚሆን ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ፈለገ። ለጓሮው የሚሆን ትንሽ መዝጊያና ለዶሮዎቹ የብረት ፍሬም ስንት እንደሚያወጣ ሲጠይቅ የተነገረው ዋጋ ከወር ደመወዙ በላይ ሆነ። የቁሳቁሱ ዋጋ ብዙም አልገረመውም፤ የገረመው የእጅ ዋጋው ነው። ስለዚህ በያጁን "እጅህን ሳይሆን ሙያህን ሽጥልኝ" አለው። በያጁ ሳቀና ቅዳሜ ከሰዓት ና አለው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በመጣበቅ አለቀ። ብየዳን ከሩቅ የሚያይ ሰው ነገሩ እንደ ሙጫ ይመስለዋል፤ ዱላውን ብረቱ ላይ ማድረግ፣ እሳት ማየት፣ መጨረስ። እውነቱ ሌላ ነው። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ከነካ ይጣበቃል፣ ከራቀ ይጠፋል። እሳቱ የሚኖረው በመሃል ባለችው፣ ከኤሌክትሮዱ ውፍረት በማትበልጥ ክፍተት ውስጥ ነው። ኤሌክትሮዱ ደግሞ እየነደደ ያጥራል፤ ስለዚህ እጅ ወደ ጎን ሲሄድ ወደ ታችም መውረድ አለበት። ክብሪት እንደሚጭር ሰው ጫር አድርጎ ማስነሳት፣ ከዚያ እጅን ማረጋጋት ነው። በትክክል ሲሄድ ድስት ላይ የተጣደ ዘይት ሽንኩርት ሲያገኝ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። በያጁ መምህሩን ያስተማረው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፤ "ሲጠበስ ስማው፤ ሲተፋ ርቀሃል፣ ሲታፈን ቀርበሃል" እያለ።

ሁለተኛው ቅዳሜ በመብሳት አለቀ። ለበርና ለአጥር የሚሸጠው ቱቦላሬ ግድግዳው ስስ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 አምፔር ይሠራል፤ በዚህ ስስ ብረት ላይ ግን 90 ማለት ቀዳዳ ማለት ነው። ዝቅ ማድረግና አጫጭር ነጥቦችን እያሳረፉ በመሃል ማብረድ ያስፈልጋል። ቁልፉን ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ ኤሌክትሮዱ መልሶ ይጣበቃል። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ማሽኑ የሚሰጠው ጉልበት ጭራሽ አይገናኙም። የትንሽ ከተማ በያጅ ሙያ ግማሹ ይህ ነው፤ ማሽኑ የሚለውን ሳይሆን የዚያን ሰዓት መብራት ማንበብ።

ሦስተኛው ትምህርት ዓይን ነው፤ ይህን የተማረው ቅዳሜ ሳይሆን ቅዳሜ ሌሊት ነው። በያጁ ማስክ ሰጥቶታል። ግን ነጥብ በነጥብ ሲያስይዝ ማስኩን ማውረድና ማንሳት ሰለቸውና ጥቁር መነጽር አድርጎ ቀጠለ። ምንም አልተሰማው። እራቱን በላ፣ ተኛ። እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኖቹ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት ያህል ተነሳ፤ እንባው ይወርዳል፣ የስልክ መብራት እንኳ ይወጋዋል።

ይህ በየጋራዡ "ዓይኔን መታኝ" የሚባለው ነው። ከብየዳው የሚወጣው የማይታይ ጨረር የዓይንን የላይኛውን ስስ ሽፋን ያቃጥለዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ወዲያው ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ በመሆኑ ሰው ጥፋቱን ከቅጣቱ ጋር አያገናኘውም። ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይሽራል። መደጋገሙ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚሆነው ቁጥር 10 ወይም 11 የተጻፈበት የብየዳ መስታወት ነው። አጠገብ ቆሞ የሚያይ ልጅም እንደ በያጁ ይመታል። በየመንገዱ ዳር በር ሲበየድ ተሰብስበው የሚያዩትን ሕፃናት የሚበትን ሰው አለመኖሩ ከማስኩ መጥፋት በላይ የሚያሳስብ ነው።

ከዚያ ነጩ ጭስ አለ። ውኃ የሚያልፍበት ነጭ ቧንቧና ቆርቆሮ የሚያብረቀርቁት ዚንክ ስለተለበጡ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረት የሚቀልጠው ግን ወደ 1500 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ብረቱ ገና መቅለጥ ሳይጀምር ዚንኩ ጭስ ሆኖ ሄዷል፤ የሚሄደውም ወደ በያጁ ሳንባ ነው። ማታ ወባ የሚመስል ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የአጥንት ሕመም ይከተላል። በያጆቻችን ለዚህ ያላቸው መድኃኒት ወተት ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ። የሚጠቅመው ልባሱን ፍቆ ማንሳት፣ ደጅ ላይ መሥራት፣ ነፋሱን ከጎን ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በሩን ዘግቶ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለሚሠራው የሞርሲቶ ወጣትም ነው።

ለጓሮ በያጅ ሁለት ነገር ይጨመር። ጓሮ እርጥብ ነው፤ በነጠላ ጫማ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ መበየድ ከኤሌክትሪክ ጋር መጫወት ነው። ሌላው በርሜል ነው። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ባዶ መስሎ ቢታይም ውስጡ የቀረው ትነት እሳት ሲነካው ይፈነዳል። "የዶሮ ቤት ላድርገው" ብሎ የተዘጋ በርሜል ላይ ኤሌክትሮድ የሚያሳርፍ ጀማሪ ካለ ይህችን መስመር ደግሞ ያንብባት።

መምህሩ በሁለት ወር ውስጥ የጓሮውን መዝጊያ ሠራ። ቀጥ ያለ አልነበረም። አንዱ ማዕዘን ሲበየድ በሙቀት ተስቦ ጠመመ፤ በያጁ "አራቱንም ጥግ በነጥብ ሳታስይዝ አንዱን ለምን ጨረስክ?" ብሎ ተቆጣው። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ያማረ የመሰለው ብየዳ በመዶሻ ሲመታ ተላቀቀ። ጥቁሩ ቅርፊት ሲራገፍ ላዩ የተጋገረ፣ ውስጡ ያልያዘ ሆኖ ተገኘ። ብየዳ ላይ የሚያምረው ሁሉ አይይዝም። ቢሆንም ፍየሏ ቆመች።

ወሬው ግን አልቆመም። "ደመወዙ አልበቃ ብሎት ነው" ያለ አለ። አንድ ዘመዱ ደግሞ ከበድ ያለውን ተናገሩ፤ "የተማርከው ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?"

ይህች ቃል የዋዛ አይደለችም። በሀዲያና በከምባታ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩም ከገበሬው ጋር የማይጋቡ፣ በማዕድ የሚለዩ፣ መሬት የማይሰጣቸው ነበሩ። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ቢላዋ አይኖርም ነበር፤ ማረሻውን ከሠራለት ሰው ጋር ግን አይበላም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት የተነፈገውን ባለ እጅ ጭምር ባለ ይዞታ የመሆን መብት ሰጠ። አዋጅ ሕግን ይለውጣል፤ የሰውን አፍ ለመለወጥ ግን አንድ መቶ ዓመትም አልበቃም።

ዛሬ "በያጅ" የሚለው ስም ከ"ቀጥቃጭ" የተሻለ ክብር አለው። ማሽን አለው፣ ሱቅ አለው፣ ገንዘብ ይይዛል። ግን ክብሩ የመጣው ሙያው ስለተከበረ ይሁን በሩ ስለተከበረ መጠየቅ ደግ ነው። በር የሚሠራ ሰው የባለ ገንዘብ ሰው ሥራ ይሠራል። ማጭድ የሚሞርደው፣ ቢላዋ የሚያወጣው ሰው ግን ዛሬም የቀድሞ ስሙን ይዞ ገበያ ዳር ተቀምጧል። ሁለቱም የሚሠሩት በብረት ነው። ልዩነቱ ደንበኛቸው ነው።

ወደ ጥያቄያችን የሚመልሰን ይህ ነው። መምህሩ የዶሮውን ቤት ፍሬም ጨርሶ ቀለም ሲቀባ ባለቤቱ መጥታ ቆመች። አየችው። "ለፍየል ሠራህ፣ ለዶሮ ሠራህ" አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ጎንበስ ብላ ቆጮ ወደምትጨምቅበት ሄደች።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ እንሰት ተፍቆ ግንዱና ሥሩ ከተዘጋጀ በኋላ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከመጋገሩ በፊት ውኃው ተጨምቆ መውጣት አለበት፤ ቃጫውም ተከትክቶ ይለያል። መጭመቁ በእጅ፣ በጉልበት፣ በድንጋይ ክብደት ነው። ቡላ የሚባለው ነጩ ዱቄትም የሚገኘው ከጭማቂው ውስጥ ሲዘቅጥ ነው። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። እንዲያውም በብዙ የእንሰት አካባቢዎች ሴቶች ወደሚፍቁበት ቦታ ወንድ መጠጋቱ ራሱ ነውር ነው። ነውሩ ለሴቶቹ የራሳቸውን ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ሳቅና ወሬ፣ ደቦም አለበት። ግን ሌላም ነገር አድርጓል። ብረት የያዘው ወንድ ሥራውን በቅርብ እንዳያይ ከልክሏል። ያላየውን ደግሞ አይሠራም።

መምህሩ በያጁ ዘንድ ሄዶ ስለ ቆጮ መጭመቂያ ጠየቀ። በያጁ በአሥራ ምናምን ዓመት ሥራው ስንት በር እንደሠራ አያስታውስም፤ የቆጮ መጭመቂያ ያዘዘው ሰው ግን እንደሌለ ያስታውሳል። የመልሱ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም፤ ትእዛዝ ጠፍቶ ነው። በር የሚያዘው ወንድ ነው፣ ገንዘብ የሚላክለትም ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። የሴቲቱ ጉልበት ደግሞ ዋጋ አልወጣለትም። ነፃ የሆነን ጉልበት ለመቆጠብ ገንዘብ የሚያወጣ ማን አለ?

የተሠራ ነገር የለም ማለት አይደለም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያ፣ መጭመቂያና መከትከቻ ማሽኖችን ሠርቶ አሳይቷል፤ የማብላላቱን ጊዜ የሚያሳጥር እርሾም አዘጋጅቷል። በወላይታ ያለው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ሰብሉን ለረጅም ዘመን ሲያጠና ኖሯል። ማሽን ፈልሳፊ አላጣንም። ያጣነው በዩኒቨርሲቲው ዎርክሾፕና በሞርሲቶዋ ጓሮ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ያ መንገድ ስም አለው፤ የከተማው በያጅ ይባላል። ማሽን ተመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አንድ ቀበሌ ላይ ተተክሎ፣ አንድ ብሎን ሲወልቅ የሚቆመው ጠጋኙ ሩቅ ስለሆነ ነው። በመንደሩ በያጅ የተሠራ ነገር ሲሰበር በመንደሩ በያጅ ይጠገናል።

መምህሩና በያጁ የሠሩት መጭመቂያ ከዩኒቨርሲቲ ማሽን ጋር የሚወዳደር አይደለም። አራት እግር ያለው የአንግል ብረት ፍሬም ነው። ከታች የተበሳ ጣውላ፣ ከላይ ወፍራም ጣውላ፣ በላይኛው ጣውላና በፍሬሙ መካከል የመኪና ክሪክ። ክሪኩ ሲነሳ ጣውላው ወደ ታች ይገፋል፤ ውኃው በቀዳዳው ይወርዳል፣ ጭማቂውም ለቡላ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ሙከራ ፍሬሙን እንደ ቀስት አጎበጠው። ለበር የሚሆን ቱቦላሬ ለክሪክ አይሆንም፤ ክሪክ መኪና የሚያነሳ ጉልበት ነው። ሁለተኛውን በወፍራም ብረት ሠሩት። ጭነቱን የሚሸከሙትን አራት መጋጠሚያዎች ደግሞ በያጁ ራሱ በየደ፤ በብሎንም አጠናከረ። ጀማሪ በዚያ ቦታ ላይ የራሱን ብየዳ ማመን የለበትም። የጓሮ መዝጊያ ቢላቀቅ ፍየል ይገባል፤ በክሪክ የተወጠረ ብረት ቢላቀቅ ግን ሰው ይመታል።

ጣውላው ለምን? ይህን የመለሰችው ባለቤቱ ናት። በያጁ ከላይና ከታች ላሜራ ሊለብጥበት አስቦ ነበር። "ቆጮ ኮምጣጣ ነው" አለችው፤ "ምጣዴ ላይ ዝገት አልጋግርም።" ልክ ነበረች። የተብላላ ቆጮ አሲድ አለው፤ ተራ ብረት ያዝጋል፣ ቀለምን ያስለቅቃል፣ የዚንክን ልባስ እየሟሟ ምግቡ ውስጥ ያስገባዋል። ምግብ የሚነካው ክፍል ወይ የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፣ ወይ እንጨት። የማይዝገው ውድ ነው፤ የራሱን ኤሌክትሮድም ይፈልጋል። እንጨት ግን እጃቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ብረቱ ጉልበቱን ተሸከመ፣ እንጨቱ ምግቡን ነካ። የዚህ ማሽን መሐንዲስ ማን እንደሆነች ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሮድ ይዛ አታውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያም ከእሷው መጣ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው መሣሪያ ነው። ቢላዋ፣ መፋቂያ፣ መቆፈሪያ ከጓሮ ጓሮ ሲዋዋስ በሽታውም አብሮ ይዋዋሳል። አንድ የመንደር ማሽን ለአሥር ቤት ሲያገለግል እፎይታ ብቻ ሳይሆን በሽታም ለአሥር ቤት ሊያዳርስ ይችላል። እንሰት የሚቆርጥና የሚፍቅ መሣሪያ ከቤት ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና መታጠብ አለበት። በያጅም ይህን የሚያስችል፣ ቶሎ የሚፈታና ጥግ ያልበዛበት ነገር መሥራት አለበት። እንሰት አንዴ ከተመታ የሚጠፋው የዘንድሮ ምርት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ተጠብቆ ሊደርስ የነበረው ሁሉ ነው።

አሁን ነገሩን ከልኩ በላይ አናግንነው። መጭመቂያው የሠራው አንዱን ሥራ ነው። መፋቁ ዛሬም በቀርከሃ ነው፣ ዛሬም መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ሞክረዋል፤ አንዷ ወደደችው፣ ሌላዋ ቃጫውን በእጇ ካልጨመቀችው ልኩን እንደማታውቀው ተናግራ ትታዋለች። እሷም መብቷ ነው። መምህሩም በያጅ አልሆነም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበይድ መምህር ነው።

ግን ከዚህች ትንሽ ታሪክ የሚወጣ ትልቅ ነገር አለ። ስለ ወጣት ሥራ አጥነት ሲነሳ የምንሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥልጠና፣ ብድር፣ ሼድ። በየዓመቱ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብረታ ብረት ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘና ወስዶ የሚወጣ ወጣት አለ። ሲወጣ የሚጠብቀው ገበያ በርና መስኮት ነው። በርና መስኮት ደግሞ የሚታዘዘው ቤት ሲሠራ ነው፤ ቤት የሚሠራው ገንዘብ ሲላክ ነው። ስለዚህ አገር ቤት የቀረው በያጅ ኑሮ በሄደው ወንድሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሃንስበርግ ላይ ሱቅ ሲዘረፍ ሞርሲቶ ላይ በር ማዘዝ ይቆማል። ከዚያ ሥራ ያጣው በያጅ ራሱ ደላላ ይፈልጋል።

የጓሮው ገበያ ግን ከየትም አይላክም፤ እዚያው አለ። እንሰት ያለበት ቤት ሁሉ ይፍቃል፣ ይጨምቃል፣ ይከትፋል። እያንዳንዱ ትንሽ ትእዛዝ ነው፤ ሲደመር ግን የዞን ያህል ነው። የጎደለው የሚያዝ ሰው ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ መቀመጫውን ሆሳዕና ያደረገው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የእንሰት አገር ነው፤ ሀዲያም፣ ከምባታም፣ ጉራጌም፣ ስልጤም እንሰት ተካዮች ናቸው። ክልሉ የሚሠራው አንድ ቀላል ነገር አለ። አዲስ ማሽን ከመፈልሰፉ በፊት ያሉትን ንድፎች ለየከተማው በያጅ ይስጥ። ለሠልጣኙ የመመረቂያ ሥራ በር ከመሆን ይልቅ መጭመቂያ ይሁን፤ ፈታኙም የመንደሩ ሴት ትሁን። ተጭኖ ካልጨመቀ ወደቀ፣ ከጨመቀ አለፈ። ከዚህ የተሻለ ምዘና የለም።

ሌላው የእኛ የአንባቢዎቹ ነው። ገንዘብ የሚልክ ልጅ ያለው ቤት በር ሲያዝ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ "እናቴ በምን ትጨምቃለች?" የበሩን አበባ ሁለቱን ቢቀንሱት፣ ከላይ ያለውን የጦር ጫፍ ቢተዉት፣ ከሚተርፈው ብረትና የእጅ ዋጋ አንድ ፍሬም ባይወጣ እንኳ ግማሹ ይወጣል። የተማረ ልጅም የብየዳ ማስክ ሲያጠልቅ "ቀጥቃጭ ሆንክ" የሚለው ዘመድ አንድ ነገር ይመለስለት፤ የሚበላውን ቆጮ ሲያዘጋጁለት የኖሩት እጆች እስከ ዛሬ አንድ ቀጥቃጭ ሲጠብቁ እንደነበረ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። ብረቱ ግሏል፤ መብራቱ እየደከመም ቢሆን አለ፣ ማሽኑ አለ፣ እጁ አለ። የቀረው ከበሩ ወደ ጓሮ ያለው ሃያ እርምጃ ነው።